የጋሼ ሎኒ 44 ቁጥር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ሦስት ገጽ ተየብኩ። ጋሼ ሬይ ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ። የተቀጠርኩት መድኃኒት ልሰጣቸውና ገላቸውን ላጥብ ነበር... አሁን የፉትቦል ታሪክ ጸሐፊ ሆኜ አረፍኩት። ያቺን እየተላተሙ የሚወድቁባትን ጨዋታ ማለቴ ነው። ዩኒቨርሲቲያቸው ቡድኑን ከዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ሜዳው ፓርኪንግ ሆኗል። ካልተጻፈ ጠፋ ማለት ነው ይላሉ።

የዛሬው ገጽ ስለ ማልያ ነው። ተጫዋች ሲሞት፣ ከመቀበሩ በፊት የቡድን ጓደኛው ማልያውን ሬሳ ሣጥኑ ላይ ያለብስለታል። ከ1920ዎቹ ወዲህ አንድም ሰው አልተዘለለም። ከእሳቸው ቡድን የቀሩት ሁለት ናቸው... እሳቸውና ሳን ሆዜ ያሉት ጋሼ ሎኒ። የሎኒ 44 ቁጥር እዚህ ካስትሮ ቫሊ፣ ቤታቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ የእሳቸው 12 ደግሞ ሎኒ ጋ። "ማን ይቀድም ይሆን?" ብለው ሳቁ። ምን ያሟርትዎታል አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ጠዋት ጋሼ ተኝተው ሳለ ስልክ ተደወለ። የጋሼ ሎኒ ልጅ ናት። ትናንት ማታ አርፈዋል። ቀብር ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት። ንገሪልኝ አለችኝ፤ እሺ አልኳት።

ነቁ። አጃቸውን ጠየቁ። አፌ አልከፈት አለ። መርዶ እንዲህ ይነገራል? ብቻቸውን፣ በባዶ ሆድ፣ ያውም ልባቸው ደካማ? ልጃቸው ሜሊሳ እሑድ ከሲያትል ትመጣለች። ሰው ባለበት ይሻላል። ለሷም አልደወልኩም... በስልክ መርዶ?

ለአክስቴ ልጅ ለእታገኝ ነገርኳት። "ኧረ እንዳትነግሪያቸው። ሃርት አታክ ቢይዛቸው ማን ሪስፖንሲብል ሊሆን ነው? ፋሚሊው ይምጣ።" ልክ ናት። እንዲህ እንድትለኝ ፈልጌም ይሆናል የደወልኩላት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አምስት ሰዓት ላይ ጢማቸውን እየላጨሁ ነበር። ለሎኒ ደውዪልኝ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያወራሉ። ስልኩን ይዤ ጓዳ ገባሁ... ቆምኩ... ወጣሁ። አያነሱም አልኳቸው። አልዋሸሁም እኮ። ዋሸሽ እንጂ።

ሳን ሆዜ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። ማልያው ተተኩሶ ተሰቅሏል።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሜሊሳ ገባች። ምሳ አብልቼ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው። ያለቀስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

"ቀብሩ መቼ ነው?"

"ትናንት ነበር።"

"አንቺ መቼ ሰማሽ?"

"ሐሙስ።"

ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ። "ያን ገጽ የተየብሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ። ሜሊሳ ለጥቂት ቀን እኔ አለሁ፣ እንደውልልሻለን ብላ እስከ በር ሸኘችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አልደወሉም።

እታገኝ ለደግ ብለሽ ነው ትለኛለች። አባቴ የሞተ ጊዜም ለደግ ብላ ነው አሥራ አንድ ቀን የደበቀችኝ። በዚያ መሃል ኦክላንድ ሰርግ ሄጄ ጨፍሬያለሁ። ቪዲዮው አለ። እስከ ዛሬ ከልቤ ይቅር አላልኳትም... ታዲያ እንዴት ረሳሁት? የተቃጠልኩበትን ነገር እንዴት በሰው ላይ አደርጋለሁ? አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሜሊሳ ደወለች። ጋሼ ያለ እኔ ወደ ሎኒ መቃብር እንደማይሄዱ ነግረዋታል። ሳን ሆዜ ሄድን። ማልያውን መንገዱን ሙሉ ጭናቸው ላይ ይዘውት ነበር። የጋሼ ሎኒ ልጅ መቃብሩ ጋ ትጠብቀን ነበር። አፈሩ ገና አልረጋም። ጋሼ ጎንበስ ማለት አቃታቸው፤ እኔ ተንበርክኬ ዘረጋሁት። 44። ጋሼ ሬይን ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ቤት እንደገባን ኮምፒውተሩን ክፈቺ አሉ። ተየብኩ፦ የሎኒ ማልያ ከቀብሩ አምስት ቀን ዘግይቶ ደረሰ።

"ለምን እንደዘገየም ልጻፍ?"

"ታሪክ አይደል? የሆነውን ጻፊ።"

ስሜን ጻፍኩ። ሙሉውን፣ ከነአባቴ።

ልወጣ ስል አንድ ከረጢት ሰጡኝ። የጋሼ ሎኒ ልጅ የመለሰችላቸው 12 ቁጥር ነው። ከቡድኑ ከእሳቸው በኋላ የሚቀር ሰው የለም። ከረጢቱን ሳይለቁ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"የእኔን ግን በዕለቱ፣ የሺ።"

ሳን ፓብሎ ቤቴ ስደርስ ተኮስኩት። በሩ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ።