የግራ እጄ ጓንት

ካኬጋዋ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017

ልጄ ናጊሳ፣

ደብዳቤ በአየሩ ሁኔታ ይጀመራል፤ እናትሽ ብትኖር ስለ ፕለም አበባው ሁለት መስመር ታስገባልኝ ነበር። እኔ አልችልበትም። ብርድ ነው፣ ነፋሱ የሻይ ማሳውን አቋርጦ እቤት ድረስ ይገባል። ይኸው ነው። አድራሻሽን የሰጠችኝ አክስትሽ ሴትሱኮ ናት፤ አትቆጪያት፣ ሦስት ጊዜ ለምኛት ነው። ሄልሲንኪ ብርዱ ስለማይቻል ሰው ሁሉ ጓንት አድርጎ ነው የሚውለው አለችኝ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ እሱ ነው ወረቀት ያስገዛኝ።

ዜናው ሺራኔ መኪናችን መመረት ማቆሟ ነው። የመጨረሻዋ መኪና ባለፈው ረቡዕ ከፋብሪካው ወጣች። ስድስት ትውልድ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት። ዛሬ ሰው የሚፈልገው ከፍ ብሎ የሚቀመጥበትን መኪና ነው አሉን። ከትልቋ አነስ፣ ከትንሿ ላቅ ያለች፣ ሐኪሙና የባንክ ሥራ አስኪያጁ እዩኝ ሳይሉ የሚነዷት መኪና ፈላጊ አጣች። ድርጅቱ እኛን የድሮ ሠራተኞችን ጠራና ከየትውልዱ አንዳንድ መኪና ግቢው ውስጥ ደርድሮ አሰናበተን። የመጨረሻዋ በበሩ ስትወጣ ሁላችንም እጅ ነሳን። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ፣ አለቀስኩ። ኩሮይዋ፣ ያ የድሮ አለቃዬ፣ ጠጋ አለና “ኢሶቤ፣ ለሚስትህ እንኳ እንዲህ አላለቀስክም” አለኝ። መቀለዱ ነው። ግን እውነቱን ነው።

የመጀመሪያዋን ታስታውሻለሽ ልልሽ ነበር፤ ለካ አልተወለድሽም። ሳጥን በሳጥን ላይ ነበረች፣ ዙሪያዋን ኒኬል የተለበጠች። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ፣ መኪናዋ በብረት ከመሠራቷ በፊት በቁመቷ ልክ የሚቀረጸውን የሞዴሉን ጭቃ በምድጃ እያሞቅሁ ለታላላቆቹ ማቀበል ነበር። ሁለተኛዋ ላይ መፋቂያ ያዝኩ። ያኔ እናትሽ የወንበር ስፌት ክፍል ነበረች። አንድ ቀን መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ጭቃ ክፍል ገባች፣ የእናቷ ቤት ይመስል፤ በሩን ያጎበጠው ማነው፣ በእሱ ምክንያት የበሩን ልባስ ሦስት ጊዜ ፈታሁት አለች። ያጎበጥኩት እኔ ነበርኩ። በዓመቱ ተጋባን። አንቺ የተወለድሽው ሁለተኛዋ ለገበያ በወጣች ሰሞን ነው። አገሩ በገንዘብ የሰከረበት ጊዜ ነበር፤ ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮት እውነተኛ እንጨት፣ ወንበሩ ሱፍ፣ የኋላው መስኮት መጋረጃ ሳይቀር ነበረው። ሦስተኛዋ ዘመኑ ሲከፋ መጣች። እንጨቱ እንጨት የተሣለበት ፕላስቲክ ሆነ፤ ቅርጿ ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ለሰለሰ። አራተኛዋን ለውጭ ገበያ ብለው አወፈሯት፣ ዐይኗም ፈጠጠ። እናትሽ ስታያት “ሲጋራ ያቆመ ሰውዬ ትመስላለች” አለች። ይህን ለኩሮይዋ ነግሬው አንድ ሳምንት አኮረፈኝ።

የጓንቱን ነገር ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን በትክክል ነግሬሽ አላውቅም። የጭቃው ሞዴል በአለቆች ሊገመገም ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እኛ ሠሪዎቹ የምንዳስስበትን እጅ በነጭ የጥጥ ጓንት እንሸፍናለን። ሙቅ ውኃ አይነካም፣ ዕቃ አይሸከምም፣ ሰው አይጨብጥበትም። ዐይን ይታለላል፤ ያረፈ መዳፍ ግን ከፀጉር የቀጠነ እብጠት ያገኛል። ማንም አላዘዘንም፣ ሃይማኖት ያደረግነው እኛው ነን። የእኔ የግራዬ ነበር። መዋዕለ ሕፃናት ሳለሽ አባቴ አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው ብለሽ ተናግረሽ፣ አስተማሪሽ እናትሽን ልታጽናና ብስኩት ይዛ መጣች። ስንት ቀን ሳቅንበት መሰለሽ። መንገድ ስንሻገር ሳትነገሪ በቀኜ ነበር የምትቆሚው። አሁን እሱን ሳስበው አያስቀኝም።

እናትሽ ትቀልድብኝ ነበር። ይቺ እጅህ የኔ ናት ወይስ የመኪናዋ ትለኛለች፤ እኔም ቅዳሜ ያንቺ ናት እላታለሁ፤ ግምገማው ሁልጊዜ ዓርብ ስለነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጓንቱን የምታወልቅልኝ እሷ ናት፤ ቁጭ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ከትንሿ ጣት ጀምራ። ከዚያ መዳፌን ጉንጯ ላይ ታደርገውና የዛሬው ሞዴል እንዴት ነው ትላለች፤ እኔም ትንሽ ይፋቃል እላታለሁ። አንቺ ተኝተሽ ነበር፣ አላየሽም። እንዲህም ነበርን።

አምስተኛዋ የኔ ናት። ሌሎቹ የብዙ ሰው እጅ አለባቸው፤ የአምስተኛዋን ትከሻ ግን፣ ከፊት መብራቱ ተነስቶ በበሮቹ አልፎ የኋላው መብራት ላይ የሚያርፈውን መስመር፣ አምስት ወር ሙሉ ብቻዬን ነው የፋቅሁት። እናትሽ የታመመችውም በዚያው አምስት ወር ነው። ግምገማው ማርች 18፣ ዓርብ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል መጣሁ። ያየሽውን አይተሻል፤ ጓንቱን እንዳደረግሁ እጇን ያዝኩ። “ጓንቱን እንኳ አታወልቅም?” አልሽኝ። “ነገ ግምገማ ነው” አልኩሽ። አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ፊትሽ ላይ አንድ ነገር ሲዘጋ አየሁ።

ይህን ሁሉ አንቺም ታውቂዋለሽ። የማታውቂውን ልንገርሽ።

ቀጥሎ ውኃ ልታመጪ ወጣሽ። እናትሽ ዐይኗን ሳትገልጥ በጣቶቿ ጓንቱን ዳበሰችው፤ ስፌቱን አገኘችው፣ የስፌት ሰው አይደለች። “ዛሬ ምን ቀን ነው?” አለችኝ። “ሐሙስ” አልኳት። “በቃ፣ እስከ ቅዳሜ እቆያለሁ” አለች።

ናጊሳ፣ ያን ጊዜ እንኳ አላወለቅሁትም። አትሞትም ብዬ አይደለም፤ ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። እስከ ቅዳሜ እቆያለሁ ስትለኝ ግን አመንኳት። እናትሽ ያለችውን ሳታደርግ ቀርታ አታውቅም። በማግስቱ አለቆቹ ሞዴሉን ሦስት ጊዜ ዞሩት፣ ትከሻው ላይ ቆሙ፣ አጨበጨቡ። ስልኬ ከልብሴ ጋር ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። እነሱ ሲያጨበጭቡ፣ እሷ ስታልፍ፣ አንቺ አልጋዋ አጠገብ ብቻሽን ነበርሽ። ከቀብሩ በኋላ በመጨረሻ ምን አለችህ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ተኝታ ነበር አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። ይህን ብነግርሽ ፈጽሞ ዐይኔን አታዪም ብዬ ፈራሁ። ሳልነግርሽም ያው ሆነ፤ ትምህርትሽን እንደጨረስሽ ሄድሽ።

አምስተኛዋ ከሁሉም በላይ ተሸጠች። ሰው ትከሻዋን ያወድሳል። ለገበያ ከወጣች ጀምሮ በየመብራቱ መጥታ አጠገቤ ትቆማለች፣ እኔም ፊቴን አዞራለሁ። ስድስተኛዋን የፈለፈላት ማሽን ነው፤ አፏ እንደ ካርፕ ዓሣ የተከፈተ ነው፤ ዳር ቆሜ ነው ያየሁት፣ ጓንትም አላስፈለገኝም።

የዚያን ረቡዕ ኩሮይዋ ጎትቶ አምስተኛዋ አጠገብ አቆመኝና እስቲ ዳስሳት አለኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ዐይኔን ጨፍኜ ግራ እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግሁ። ምንም የለም። ቆርቆሮ ይሁን እንጨት፣ ይሙቅ ይቅዝቀዝ፣ ምንም አልተሰማኝም። እንዴት ናት ሲለኝ እንደነበረች ናት አልኩት።

ሐኪም ካየኝ ቆይቷል። ዕድሜ ልኬን አጎንብሼ ስፍቅ ከአንገቴ የሚወርደው ነርቭ ተጎድቷል አለኝ። ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ሞተዋል፣ መዳፌም እየተከተላቸው ነው፤ እስከ ሴፕቴምበር የቀረውም ይሄዳል አለ። ለመኪና ብዬ ከእናትሽ የሸሸግሁት እጅ አሁን ለመኪናም አይሆንም። የሚገባኝ ነው፣ አታዝኚልኝ። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ግን ገና ይሰማቸዋል። ትናንት ሩዝ ቆንጥሬ ሞከርኳቸው፤ ፍሬውን ለይተውታል። የአንድ ሰው እጅ ለመያዝ ይበቃሉ።

የሞተችበትን ዓመት አንድ ብለን ስንቆጥር፣ የእናትሽ የአሥራ ሦስተኛ ዓመት መታሰቢያ ማርች 18 ነው። ሴትሱኮ አለች፣ መነኩሴው አለ፣ እኔ አለሁ፤ ሌላ ሰው አልጠራሁም። ይቅር በይኝ ለማለት አይደለም የምጽፍልሽ፤ እሱን የሚለው አፍ የለኝም። ነይ ነው የምልሽ። የምትቆሚውም በግራዬ ነው።

እዚያ ሥራሽ ይቅናሽ፣ ቤትሽ ይሙቅ፣ እጅሽን የሚይዝ ሰው አይጥፋ። በየጠዋቱ በእናትሽ ፎቶ ፊት ሩዝ ሳቀርብ ስምሽን ጠርቼ እነግራታለሁ።

የዚያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ካኬጋዋ ጣቢያ መውጫው በር ላይ እቆማለሁ፤ ብትመጪም፣ ባትመጪም። ብርድ ቢሆንም ጓንት አላደርግም። የቀን መቁጠሪያውን አይቼዋለሁ፤ ዘንድሮ ዕለቱ ቅዳሜ ነው።

አባትሽ
ኢሶቤ ታኬሂሳ