የሉሲዎች ጥሪና የአክስትሽ የሙፊዳ መልስ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሪሀና፤ ዳሬሰላም።

አላህ ጤናሽንም እግርሽንም ይጠብቅልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽ ሱቁን ከሰንጋ ተራ ወደ አብነት አዛውሯል። ወንድምሽ ቢላል ክፍልሽን ወርሶ አልወጣም ብሏል። አደራ፣ ከልምምድ በኋላ ጉልበትሽን አሳርፊ።

ለሉሲዎች፣ ለሴቶች እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን፣ መጠራትሽን ሰማን፤ ከመጣሽ እዚያ ያለው ክለብሽ ቦታሽን ለሌላ እንደሚሰጥም ሰማን። አክስትሽ ሙፊዳ በዘመኗ የሉሲዎች ተከላካይ እንደነበረች ታውቂያለሽ። ቡድኑ ጨዋታ ሳያገኝ ረጅም ጊዜ የቆየበት ወቅት ነበር። እሷና ጓደኞቿ ግን ጥሪው በመጣ ጊዜ ዝግጁ ሆነው እንዲገኙ፣ ማንም ሳያዛቸው በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ይለማመዱ ነበር። የብዙዎቹ፣ የእሷም ጭምር፣ ጥሪው ሳይመጣ የመጫወቻ ዕድሜያቸው አለፈ።

ትናንት ልብስ ስትሰፋ አግኝቻት፣ «ሪሀናን ምን ትመክሪያታለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔን ምን አገባኝ? የራሷ ጉዳይ ነው» አለችና መስፋቷን ቀጠለች። ጥቂት ቆይታ ግን የስፌት መኪናውን አቆመችው። «ያቺ ልጅ በቀኝ እግሯ ብቻ ነው የምትጫወተው። ግራዋን ታለማምድ፤ እዚህ መጥታ እንዳታሳፍረኝ» አለች።

ልጄ፣ ክለቡ የምትተዳደሪበት ሥራሽ ነውና ላስገድድሽ አልሻም። የመረጥሽውን ሁሉ አላህ ኸይር ያድርግልሽ፤ ከክፉ ይሰውርሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ የማትመጪ ከሆነ ለሙፊዳ ራስሽ ደውለሽ ንገሪያት። እኔ አልችልም።

እናትሽ መይሙና
ልደታ፣ አዲስ አበባ