ሁሉም «ደህና ነኝ» ያለበት ጥናት

ሰኞ
«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኳት። ሲጋሊት የልጄ ልጅ ናት፤ ዛሬ አንቱታዋ በዝቷል፣ የምትፈልገው ነገር አላት። «አባባ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል?» ትለኛለች ብዕር ይዛ። ቀጥላም እዚህ እስራኤል፣ ሽኩና ሄ የሚባለው ሰፈራችን ሽማግሌዎች በምንሰበሰብበት ክበብ፣ ሞአዶን በሚሉት፣ ሁሉንም እየዞረች ጠየቀች። የነርስነት ትምህርቷ ስታቲስቲክስ አለበት፤ አምና ወድቃበታለች፣ ዘንድሮም ከደገመች መሰናበቷ ነው። አምና ቀመሩን እንደ ጸሎት በቃሏ ሸምድዳ፣ ትርጉሙን ስጠይቃት «እኔ እንጃ» ትለኝ ነበር። የዘንድሮዋ መምህርት አዲስ ናት፤ «ከሰፈራችሁ ጥያቄ አምጡ፣ መልሱንም ራሳችሁ ሰብስቡ» ብላለች። ደስ አለችኝ።

ማክሰኞ
መልሱን ኮምፒውተር ውስጥ ከታ አየችው። ሁላችንም ደህና ነን። በምርኩዝ የሚሄዱት እማማ ጥሩነሽ እንኳ «ምንም አይለኝ» ብለዋታል። ጤና ይስጥልኝ ብሎ ለመጣ ልጅ ማን ሕመሙን ይዘረግፋል?
«ፕሮፌሰር፣ እንግዲህ የሰፈሩን ክሊኒክ ዝጉት በያቸው» አልኳት። አልሳቀችም። «አባባ፣ መውደቄ ነው» ብላ አለቀሰች። የቀረውን ቀልድ ዋጥኩት።

ረቡዕ
ፊቷ በርቶ መጣች። መምህርቷ አልተቆጣችም። «ጉድለቱ ሰዎቹ ጋ ነው ወይስ ጥያቄው ጋ?» ብላ ተማሪዎቹን ስታከራክር ዋለች። ከሩሲያ የመጣ አንድ ልጅ «የእኔ አያት ደግሞ ሲጠይቋት የማያማት ቦታ የለም» ብሎ አሳቃቸው። መጨረሻ ላይ ሲጋሊትን «ሌላ ጥያቄ ፈልገሽ ተመለሺ» አለቻት። እኔን ያስተማሩኝ ለተሳሳተ ልጅ አርጩሜ ነበር የሚያዘጋጁት። ይችን ሴት ሳላያት መረቅኳት።

ሐሙስ
ሞአዶን። ሲጋሊት ስለ ሕመም ትንፍሽ አላለችም። «ደረጃ ሲወጡ የት ላይ ያርፋሉ?» ብቻ። እማማ ጥሩነሽ ጀመሩ፣ ማን ያስቁማቸው። ሌሎቹም ተከተሉ። እኔም እጄን ሰጠሁ፦ «ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የጎረቤት አበባ የማይ መስዬ።»
«እኔ እኮ አበባ የሚወዱ መስሎኝ ነበር» አለች። ጽፋ ስትጨርስ ጉልበቴን አየት አደረገች።

እሑድ
ዩኒቨርሲቲ ይዛኝ ሄደች። የሁለቱን ጥያቄዎች መልስ ጎን ለጎን አድርጋ ግድግዳው ላይ አሳየች። ዕብራይስጡ ፈጠነብኝ፤ ልጆቹ ግን አንገታቸውን አስግገው ሲያዳምጧት አይቻለሁ። ሲያልቅ መምህርቷ ወደ እኔ መጥታ እንዴት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ከአፌ አመለጠ። ሲጋሊት ስትተረጉምላት ሁለቱም ሳቁብኝ።
ውጤቱ ገና ነው። ብቻ መምህርቷ «ይህን ለከርሞ ተማሪዎች ላሳየው?» ብላ አስፈቅዳታለች። ለሚወድቅ ሰው እንዲህ አይባልም መሰለኝ።
ቤት ስንመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አበባውን ማየት ጀመርኩ። ሲጋሊትም አብራኝ ቆማ አየች።