ለሐኪሙ የዘጋሁት በር

ሮቤ፣ የካቲት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ይድረስ ምፅዋ ላለው ወንድሜ ለበየነ። ከባሌ ብርድ የሚበረታ ናፍቆቴን ከሰላምታዬ ጋር ልኬልሃለሁ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና አለን። የሲናናው ማሳችን ገብስ ዘንድሮ ሰምሮልን ጎተራው ሞልቷል።

እህታችን ውዴ ግን ግራ እጇና እግሯ ከድተዋት አልጋ ይዛለች። አዲስ አበባ ብወስዳት ጭንቅላቷ ውስጥ እጢ በቅሏል አሉኝ። አንተና እሷ ልጆች ሳላችሁ ያ ፈረንጅ ሐኪም ሁለታችሁንም ባሕር ማዶ ወስዶ የዓይናችሁን ነቀርሳ በጨረር አድኖ የለ? እጢውን ያመጣው ያው ጨረር ነው አሉ።

ሐኪሙ ይህን ሰምቶ ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ድረስ መጣ። በር ላይ አቆምኩት። ሽበቱን ሳላከብር «አንተ፣ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ያኔ ባላክማቸው ዓመት አይደርሱም ነበር» አለኝ። «ይህ ሊመጣ እንደሚችል የተረዳሁት ከጊዜ በኋላ ነው። መጥቼ መናገር ግን ፈራሁ።»

ውዴ ከውስጥ «እትዬ፣ ይግባ፤ ለልጆቼ የበቃሁት በእሱ ነው» አለች።

አላስገባሁትም። ዓይኗን ሳያይ፣ በቁጭቱ እንደተቃጠለ ይሙት ብዬ ማልኩ። ቢያለቅስም አንጀቴ አልራራም።

ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ «ወንድሟስ ደህና ነው?» አለኝ። በሩን ፊቱ ላይ ወረወርኩበት።

«ራሴን የሚያመኝ የምፅዋ ሙቀት ነው» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ሙቀቱ ነው የኔ ጌታ፤ ሌላ ምን ይሆናል? ግን ጠዋት ስትነሳ ያስመልስሃል እንዴ? ፋሲካን ሳትጠብቅ ና። ሐኪሙ አድራሻውን በር ሥር ጥሎ ሄዷል። ልቀደው አንስቼው ነበር፤ አልቀደድኩትም።

የአባታችን አምላክ ከክፉ ይሸሽግህ።

እህትህ ጣይቱ