የቢጫው ቦቲ አፍንጫ

ሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬም ቆምኩ። አራት ደቂቃ ሙሉ፣ በዚያ ብርድ... እህቴ እታለም ግድ የላትም። "የኔ ዘበኛ ብርድ አይፈራም" ትላለች። እሷ ምን አለባት፣ ውስጥ ናት።

የጫማ መደብሩ የጠዋት ፈረቃ ኃላፊ ከሆነች ወዲህ የኔም ጠዋት ተወስዷል። ይኸው ሁለት ዓመት። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ሲከፈት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ መጀመሪያ ዙሪያውን ያያል፤ ቁልፉ ተነክቷል? መስታወቱ ተሰንጥቋል? ከዚያ ብቻውን ይገባል። የማንቂያ ደወሉን ያጠፋል፣ መጋዘኑን፣ ሽንት ቤቱን፣ ጓዳ ጎድጓዳውን ይፈትሻል። ሌላው ማዶ ቆሞ ምልክት ይጠብቃል። ምልክቱን ከሠራተኞቹ በቀር ማንም አያውቅም። ከነሱና ከኔ በቀር።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠው የልጅ ቢጫ ቦቲ ነው። ማታ ሲዘጋ አፍንጫው ወደ ውስጥ ይዞራል። ጠዋት ሁሉም ደህና ከሆነ ወደ መንገዱ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልዞረስ? "ለፖሊስ ደውል። ሮጠህ ገብተህ ጀግና እንዳትሆንብኝ" ትላለች።

ማዶ መቆም ያለባት በእርግጥ ካሸሯ ናት። ግን ልጇን ሳታደርስ መምጣት አትችልም፤ የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ደግሞ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ እኔ እቆማለሁ፣ እታለም ቅጹ ላይ "ውጭ የቆመ" በሚለው ቦታ የካሸሯን ፊርማ ትፈርማለች። ከባለቤቷ አሳምራ።

"ማጭበርበር አይደለም?" አልኳት።

"ሰው ቆሟል አልቆመም?"

"ቆሟል።"

"አበቃ!"

ሰውን ሁሉ በጫማ ቁጥሩ ነው የምትጠራው። ካሸሯ ሠላሳ ስድስት ናት። ሥራ አስኪያጁ አርባ አምስት፤ ሲራመድ ጫማው ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። የጫማ መደብር ሥራ አስኪያጅ ሆኖ! እኔ አርባ አንድ ነበርኩ፣ ትናንት ለካችኝና አርባ ሁለት ሆኛለሁ። "ኧረ ማደግህን አቁም፣ መጋዘኑን ጨረስከው።"

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ከትምህርት በኋላ ላመጣት ሄድኩ፤ ዛሬ የመዝጊያው ፈረቃም በሷ ላይ ወድቋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሲዘጋ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው። መብራት ከውስጥ ወደ ውጭ ይጠፋል። መስታወቶቹ ይወለወላሉ። መደርደሪያ ላይ የሚወጣው ግራ እግር ብቻ ነው፣ ቀኙ መጋዘን ነው፤ ታዲያ ግራዎቹን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። "ግራ እግር የሚሰርቅ ሌባ ሁለት ግራ እግር ያለው ብቻ ነው" ትላለች። ይቺኑ ቀልድ በየቀኑ ትላታለች።

በመጨረሻ መሃል ላይ ቆማ ትጣራለች፦ "ሰው አለ?"

ከመደርደሪያው ኋላ ሆኜ "የለም!"

"እንግዲያው ቆልፌ ልሂድ።"

ቦቲውን ወደ ውስጥ አዞረችና ደህና እደር አለችው። ለቦቲ!

ረቡዕ፣ ጥር 7

ተዋረድኩ።

ማዶ ቆሜ ሳለ የክፍሌ ልጆች አለፉ። የፊት ወንበሯ ልጅም አብራቸው ነበረች። ሌላ ቀን አይሆንም? እታለም ቦቲውን አዞረችና በሩን ከፍታ ብቅ አለች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ "ዘበኛዬ! ተሰናብተሃል!" ብላ ጮኸች። ዘበኛዬ! መንገዱ ሁሉ ሰማ። ክፍል ስገባ "ዘበኛው መጣ፣ መታወቂያ አውጡ!" ቀኑን ሙሉ እንዲሁ። የፊት ወንበሯ ልጅም ሳቀች።

ማታ እታለምን አላናገርኳትም። መጥታ በሬን አንኳኳች። "አርባ ሁለት... አኮረፍክ?" ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። "እሺ በቃ፣ ከነገ ጀምሮ ክቡር ዘበኛ እልሃለሁ።" ሳቄ መጣ፤ ትራሴን ነከስኩ።

ነገ አሳያታለሁ።

እሑድ፣ ጥር 18

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁንም አልችልም። ግን እዚህ ካልጻፍኩት ለማን እነግረዋለሁ?

ሐሙስ፣ ጥር 8 አብረን ሄድን። መንገዱን ሙሉ አላናገርኳትም። ዙሪያውን አየች። ከፈተች። "ክቡር ዘበኛ፣ ገብቻለሁ" አለች። ልጆቹ ከታች ሲመጡ አየኋቸው። እንደገና ቆሜ ሊያገኙኝ ነው... ቦቲውን አልጠበቅኩም። ሄድኩ።

ሄድኩ።

ልቧ ነው አሉ። መጋዘኑ በር ላይ ወድቃ ነው የተገኘችው። ካሸሯ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ስትደርስ የብረት መዝጊያው ግማሽ ድረስ ተነስቷል፣ ቦቲው ወደ ውስጥ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ገብቼ፣ ደወል እስኪደወል ሦስት ማዕዘን እየሣልኩ ነበር። በማስመሪያ፣ አሳምሬ።

ሃያ አምስት ደቂቃ። ብቆም አምስት ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ለለቅሶ የመጣው ሁሉ ራሴን እየዳበሰ "አይዞህ፣ ለእናትህ አንተ ነህ ያለሃት" ይላል። ቢያውቁ ይዳብሱኝ ነበር?

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ማንም ዘበኛው አላለኝም። ቢሉኝ ይሻል ነበር።

ስሄድ በሌላ መንገድ ሄድኩ፣ ስመለስ ግን እግሬ በዚያው ወሰደኝ። መደብሩ ተከፍቷል። አንዲት ሴትዮ ተቀምጣ ጫማ ትለካለች፣ እንደ ማንኛውም ቀን። ቦቲው አፍንጫውን ወደ ውስጥ እንዳዞረ ነው። የሚያዞረው ጠፋ? ወይስ የሚደፍረው?

ቤት ስገባ በልማድ "ሰው አለ?" አልኩ። "የለም!" የሚለኝ አጣሁ። እማዬ በሩ ሥር ተቀምጣ የእታለምን ጫማዎች አቧራ ታራግፋለች። ሠላሳ ስምንት ሁሉም። አራግፋ መልሳ እዚያው ትደረድራቸዋለች።

ዓርብ፣ ጥር 23

ሠላሳ ስድስት፣ ካሸሯ፣ መጣች። ከእማዬ ጋር ብዙ ተቀመጠች። ስለ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አወራቻት። በየሳምንቱ መጥተው ያንኑ ቡናማ ጫማ ይለኩና ሳይገዙ ይሄዳሉ። "እታለም አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችባቸውም። ‘አባባ ጫማ አይደለም የሚፈልጉት፣ ተንበርክኮ ይመችዎታል ወይ የሚላቸው ሰው ነው’ ትለን ነበር።" እማዬ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ ገና አሁን ሰማሁ።

ልሸኛት ወጣሁ። ደጅ ላይ ስትደርስ ነው የነገረችኝ፤ ከሥራ ታግዳለች። ዋናው መሥሪያ ቤት ቅጹን አየ። "ቆሜያለሁ ብለሽ ፈርመሻል፣ ግን አልነበርሽም፤ ሰው ሞቷል" አሏት። እስከ ረቡዕ መልስ ካልሰጠች ትባረራለች።

"እና ምን ልትያቸው ነው?"

"ምን እላለሁ? ምንም።"

"የፈረመችው እታለም ናት በያቸው!"

"ሙት አልከስም የኔ ወንድም። ለኔ ብላ ነው የፈረመችው።" ከዚያ ክንዴን ጨበጥ አደረገች። "ስማኝ፣ አንተ አልነበርክም። ማንም ቢጠይቅህ አልነበርክም። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ደርሰህ አታውቅም። ገባህ?"

እኔን ነው የምትሸፍነው። ልጇ ቤት ይጠብቃታል፣ እሷ እኔን ትሸፍናለች።

አልነበርኩም... እውነቷን ነው። ችግሩስ እሱው አይደል?

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ልጇ አራት ዓመቱ ነው። ቁጥሩ ሃያ ስድስት። በልደቱ ቀን እታለም ስትለካው አይቻለሁ፤ ተኮርኩሮ ይስቅ ነበር። ለምን ይሄ ብቻ ይታየኛል?

ሰኞ፣ ጥር 26

ገባሁ። ሁለት ጊዜ የመደብሩን በር አልፌው ሄጄ በሦስተኛው ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ፣ አርባ አምስት፣ የመጋዘኑ ደረጃ ላይ ቆሞ ሳጥን ያስተካክል ነበር። ሲያየኝ ወረደ።

"ልጄ... እናትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ጋሼ፣ ውጭ የምቆመው እኔ ነበርኩ።"

"የት ውጭ?"

"ማዶ። በካሸሯ ፈንታ። ሁለት ዓመት።" ማዶውን በእጄ አሳየሁት። "ያን ቀን ግን አልቆምኩም። አኩርፌ ነበር።"

መነጽሩን አወለቀ። ጫማው እንኳ ሲጢጥ አላለም።

"ፊርማው የእህትህ እጅ እንደሆነ ገና ሳየው አውቄያለሁ" አለ በመጨረሻ። "ካሸሯ እኮ ስትፈርም ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ግን የሞተች ልጅ በሰው ስም ፈረመች ብዬ በየትኛው እጄ ልጻፍ?"

"እኔ ልጻፍ።"

ወረቀት ሰጠኝ። ሁለት መስመር ብቻ ሆነ። ላለፉት ሁለት ዓመታት በካሸሯ ፈንታ ማዶ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ጥር 8 ቀን አልቆምኩም። ለሁለተኛው መስመር ስንት ጊዜ እስክሪብቶ እንዳነሳሁ...

አነበበውና አንገቱን ደፋ። "ገና አሥራ ስድስት ዓመትህ ነው። ከጎኑ እናትህ መፈረም አለባት።"

ይሄን አላሰብኩም ነበር። እማዬን።

"መጥቼ ልንገርልህ?"

"አይ ጋሼ። እኔው።"

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ጫማዎቹን እያራገፈች ሳለ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛውን መስመር በጣቷ እየተከተለች።

"ለዚህ ነው እህል የማይወርድልህ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ" አለች። "‘ቶሎ ቢደርሱላትም ላትተርፍ ትችል ነበር’ አለኝ። እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። አልዋሽህም ልጄ።"

"ይቅር በይኝ እማዬ።"

አንዱን ጫማ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ያን ቀን ጠዋት ‘እማዬ፣ ደረቴን ወጋኝ’ ስትለኝ ‘ብርድ ነው፣ ሹራብ ደርቢ’ ያልኳት እኔ ነኝ። ሹራቡን ደረበች፣ ሄደች። አንተስ እኔን ይቅር ትለኛለህ?"

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልጽፈውም። ሁለታችንም በር ሥር ነበርን። ጨለመ፣ መብራት የሚያበራ አልነበረም።

በኋላ "በል እስክሪብቶ አምጣ" አለች። እየፈረመች "ታናሽ ያኮርፋል፣ ታላቅ ያበሽቃል። ሁለታችሁም ሥራችሁን ነው የሠራችሁት" አለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሠላሳ ስድስት ሥራ ተመልሳለች! የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብቻ። እንዲያውም የጠዋቱን ፈረቃ ቁልፍ ለሷ ሰጧት። አርባ አምስት ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፎ መክፈቻው ወደ ሁለት ሰዓት ከሃያ ተገፍቷል፤ ልጇን አድርሳ ትመጣለች። ውጭ የሚቆም ሰውም ተቀጥሯል። ይሄን ያህል ቀላል ነበር? እታለም ፊርማ ከምትለማመድ አንድ ደብዳቤ ብትጽፍ...

ሠላሳ ስድስት መንገድ ላይ አገኘችኝና ጆሮዬን ያዘች። "አልነበርክም ብዬህ አልነበር?"

"ስላልነበርኩ እኮ ነው የነገርኳቸው።"

ጆሮዬን ለቀቀች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ነፋሱ ነው አለች። "ቦቲውን እስካሁን ማንም አልነካውም። ሰኞ የምከፍተው እኔ ነኝ። እጄ እሺ ይለኝ እንደሆነ እንጃ።"

ሰኞ፣ የካቲት 10

ማዶ ቆምኩ። አዲሱ ተቀጣሪም እዚያው ቆሟል። እግሩን አየሁት፤ አርባ ሦስት።

"አንተ ደግሞ ማነህ?" አለኝ።

"የድሮው።"

ሠላሳ ስድስት ዙሪያውን አየች። ቁልፉን ነካች። ወደኛ ዞረች፣ እኔን አየችኝ። ገባች።

አንድ ደቂቃ። ሁለት። ከሩቅ የትምህርት ቤቱ ደወል ተሰማ። ልጆቹ እየሮጡ አለፉ። "ዘበኛው! ተደወለ እኮ!" አለ አንዱ፤ ከዚያ ደንግጦ አፉን ያዘ።

"ሂዱ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አልኩ።

ሳቁ። የፊት ወንበሯ ልጅ ግን አልሳቀችም፤ መስኮቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን ከፍ አደረገችልኝና ሮጠች።

ሦስት። አራት። ስልኬን አወጣሁ። አርባ ሦስት "ምነው?" አለኝ። ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቀልኩም። አምስት ሊሞላ ሲል መስታወቱ ላይ እጅ መጣ። ቦቲውን ያዘው። ያዘውና ቆየ። ከዚያ በእጅጌዋ አቧራውን ጠረገችለት፣ ቀስ ብላ አዞረችው።

ወደ መንገዱ። ወደ እኔ።

ትምህርት ቤት ስደርስ ዘበኛው፣ እውነተኛው ዘበኛ፣ የአርፋጆችን መዝገብ ዘረጋልኝ። ስም። ሰዓት። ምክንያት። ምክንያት የሚለው ላይ ትንሽ ቆየሁ። "ውጭ ቆሜ ነበር" ብዬ ጻፍኩ።

አነበበው። "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ምክንያት ነው?"

"ጋሼ፣ እርስዎስ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት እንዲሁ አይደል?"

ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ፈርም" አለኝ።

ፈረምኩ። በራሴ ፊርማ።