በብልቃጡ ላይ የተጻፈው ስም

ይድረስ ይጁቤ ላሉት አባቴ ለአቶ ጸጋው። ከደጃፍዎ እስከ በሬዎችዎ ድረስ እንደምን ከርማችኋል?

እኔ ደኅና ነኝ። ተመራማሪዎች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ የደም መመርመሪያውን ማሽን ይዣለሁ። የሁሉም ናሙና በተራ በእጄ ያልፋል።

ማክሰኞ ለአንድ ጥናት ከይጁቤ የመጣ ብልቃጥ አነሣሁና ክው አልኩ። «ወልደ ሰንበት» ይላል። የክርስትና ስምዎን የምናውቀው እማዬ፣ እኔና የነፍስ አባትዎ ብቻ ነን። ውጤቱን ሳይ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ምርመራውን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ማሽኑ ደኅና ነው።

አባዬ፣ የጤፉን አጨዳ ለወንድሜ ለጌቱ ይተዉለትና ሐሙስ ይምጡ። እማዬን «ልጄን ልጠይቃት ነው» ይበሏት። የላቦራቶሪው ዘበኛ ስምዎን ሲጠይቅዎ ያንኑ ለብልቃጡ የሰጡትን ይንገሩት፤ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።

ጉልበትዎን ስማ የማትጠግብ ልጅዎ፣ ዘመናይ