አባዬ ያልሰማው ቀጭን ድምፅ

ይድረስ ለምወድህና ለተቀየምከኝ ታላቅ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ያ ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ የጎን ውጋትስ ተወህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? እህል ይገባላታል? እንቅልፍስ ተመለሰላት? ስለ እሷ የምጠይቅህ ለአፍ ያህል አይደለም፤ ስምንት ወር ሙሉ እሷን ሳስብ ነው የከረምኩት። እኛ ደህና ነን። እማዬ ዓይኗ ደከም ብሏል፤ አፏ ግን እንደምታውቀው ነው፣ ምንም አልደከመም። እኔም እጄ ከጥቁር ዘይት፣ ጸጉሬ ከቤንዚን ሽታ ሳይለይ አለሁ። ይህን «ደህና ነን» ያልኩህን ግን እንደ ሰላምታ ውሰደው እንጂ እንደ እውነት አትውሰደው። እውነቱን ለመጻፍ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ስልኬን ማንሳት ከተውክ ቆይተሃል፤ መልእክቴንም እንደማትከፍተው አውቃለሁ። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብህ። ብትቀደው እንኳ ቀድመህ ታየዋለህ። መጀመሪያ ስለ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው የማወራህ። እኔ ምን አገባኝ አትበል ወንድም ጋሼ፤ ነገሩ መጨረሻው አንተው ዘንድ ነው የሚደርሰው።

ዳቦ አመላላሹን ታስታውሰዋለህ፤ ያ ኋላዋ ላይ የዳቦ ሳጥን የታሰረባት፣ በዕድሜ ራሱን የምትበልጠው ቀይ ሞተር ሳይክል ያለችው። ከሦስት ሳምንት በፊት ድምፅ አመጣችብኝ ብሎ ይዟት መጣ። ከሞተሯ ጎን፣ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳለ ጠጠር የሚንሿሿ ነገር አለ፤ ነዳጅ ስሰጣት ይጠፋል፣ ስለቅ ይመለሳል አለ።

የጋራዣችንን ደንብ መቼም አልረሳኸውም። አባዬ ሳያዳምጥ ማንም ብሎን አይፈታም። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ አጥንቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ከዚያ ቀና ብሎ በሽታውን በስሙ ይጠራዋል። ሀኪሙ የሚል ስም ያወጡለትም በዚሁ ነው። አንተንና እኔንም እንዲሁ አስተማረን። ከላይ ጠቅ ጠቅ ብሎ ሞተሩ ሲሞቅ ከቀነሰ ቫልቩ ማስተካከያ ይፈልጋል። ከሥር ዱም ዱም ብሎ ዳገት ላይ ከባሰ ፒስተኑን የሚገፋው ቢየላ ተበልቷል። ከጎን ከተንሿሿና ነዳጅ ስትለቅ ከፍ ካለ ደግሞ ቫልቮቹን የምታንቀሳቅሰው የውስጧ ካቴና ላልታለች፣ ሳትበጠስ ድረስላት። አንተ ከእኔ ፈጥነህ ነበር የለመድከው፤ ይህን እንኳ ሳልወድ ነው የጻፍኩት።

ወንድም ጋሼ፣ አባዬ አይሰማም። አንተ ርቀህ ስላለህ አላየኸውም እንጂ ሦስት ዓመት አለፈው። አርባ ዓመት ሙሉ ጭስ ማውጫ አጠገብ የተቀመጠ ጆሮ ምን ይሁን? ወፍራሙ ድምፅ እስከ ዛሬ በእጁና በአጥንቱ ይገባዋል፤ ዱም ዱም የሚል ከሆነ ከእኔ ቀድሞ ይነግርሃል። የጠፋበት ቀጭኑ ነው። የካቴና መንሿሿት፣ የወፍ ድምፅ፣ የሰው ንግግር። ፊት ለፊቱ ሆነህ ቀስ ብለህ ከተናገርክ ከከንፈርህ ያነባል፤ ዞር ካልክ ግን ቃልህ አይደርሰውም።

መጀመሪያ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ያኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ። እሱ ካቻቢቴውን ይዞ ሲያጎነብስ፣ እኔ ከወዲያ ማዶ ሆኜ ሞተሩን የማጸዳ መስዬ፣ ድምፁ ያለበትን ቦታ በጨርቅ እወለውላለሁ። እሱ አንድ ጊዜ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ያያል። ከዚያ ቀና ብሎ በሽታውን ይናገራል፤ ባለ ሞተሩም ሀኪሙን እያመሰገነ ይሄዳል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። እሱ አልጠየቀኝ፣ እኔ አልነገርኩት። እማዬ አንድ ቀን ስወለውል አየችኝና፣ እንዳትነግሪው፣ ሥራውን ከወሰዱበት ምን ይተርፈዋል ብላ እያጉረመረመች ገባች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ያሳደጉን ሰዎች፣ ከእኔ ጋር ሆነው ሦስት ዓመት ደበቁት።

ዳቦ አመላላሹ የመጣ ቀን እኔ አልነበርኩም። እማዬን ለዓይኗ ክሊኒክ ወስጃት ነበር። አባዬ ብቻውን አዳመጠ። ከሥር የሚያንኳኳ የለም፤ ቢየላው ደህና ነው። ቫልቮቹን አስተካከለና ሞተርህ ጤነኛ ናት፣ ሂድ አለው። ሰውዬው እኮ ድምፁ አሁንም እየተሰማው ነበር! ግን ሀኪሙ ጤነኛ ናት ካለ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብሎ፣ የገዛ ጆሮውን ክዶ ሄደ። አሥራ አንድ ቀን ነዳት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቁልቁለቱ ላይ ካቴናዋ ተበጠሰች፤ ሞተሯ ቀጥ ሲል የኋላ ጎማዋ ተቆለፈ። ትከሻውና እግሩ ተሰበረ። ዳቦው መንገድ ሙሉ ተበትኖ ሳለ ሰፈርተኛው ቀድሞ እሱን ማንሳቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሲጠይቁት ጭነት አብዝቼባት ነው አለ። አባዬን አልጠረጠረም። እኔም ምላሴን ዋጥኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ይህንን ስጽፍልህ አፍራለሁ።

ሞተሯን ጎትተው ሲያመጧት አባዬ ራሱ ፈታት። የተበጠሰችውን ካቴና መዳፉ ላይ አገላብጦ አየ። ከዚያ እጁን ታጠበ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለበሰና ወጣ። ተከተልኩት። የሄደው የሰውዬው ቤት ነው። አልጋው አጠገብ ሚስቱና ሁለት ዳቦ ጋጋሪዎች ነበሩ። ቁጭ በል ቢሉት እምቢ ብሎ እንደቆመ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም የእኔ ነው፣ እኔ ከሦስት ዓመት ወዲህ አልሰማም፣ ልጄ ናት ቦታውን በጨርቅ እየወለወለች የምታሳየኝ፣ ያን ቀን አልነበረችም አለው። የድምፁን መጠን ስለማያውቀው እየጮኸ ነው የተናገረው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውዬው በደህና እጁ የአባዬን እጅ ይዞ አለቀሰ። ሚስቱ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልፈርድባትም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆመና ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። ሌላስ የደበቅሽኝ ነገር አለ ወይ አለኝ።

አሁን ወደ አንተ መጣሁ። ሌላ ጊዜ ስትደውል እኔ ፊቱ ቆሜ የምትለውን በከንፈሬ እደግምለት ነበር። የዛሬ ስምንት ወር ስትደውል ቤት ውስጥ እሱ ብቻ ነበር። ስልኩ ላይ ስምህን አየ፤ ወሩ የሚስትህ የመውለጃ ወር መሆኑን ያውቃል። ሮጦ አነሳው። ያልከውን አንድም ቃል አልሰማም። ድምፅህ ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ተሰማው፤ የደስታ መሰለው። ተመስገን፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አለህ። አንተ ልጃችን አልተረፈልንም ስትለው ነው እሱ እንኳን ደስ ያላችሁ ያለህ፤ ሳይሰማህ።

እኔ ስገባ አያት ሆንኩ እያለ በር ላይ ተቀበለኝ። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አወራ። ወዲያው የሚስትህ መልእክት ደረሰኝ፤ ልጁ አልተረፈም ይላል። በማግስቱ አንተ፣ በልጄ ሞት ተመስገን የሚል አባት የለኝም ብለህ ጻፍክልኝ። ያኔ እውነቱን ብነግርህ ምን ነበረበት? እኔ ግን ጆሮውን ልሸፍን ብዬ፣ ሽማግሌ ሰው ነው፣ የፈጣሪን ፈቃድ መቀበሉ ነው አልኩህ። እንኳን ደስ ያላችሁ ማለቱን ግን አንተ ስላላነሳኸው እኔም ዘለልኩት። እሱ ሳይሰማ ነው የመለሰልህ፤ እኔ ግን እያወቅኩ ዋሸሁህ። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ለእሱም አልነገርኩትም። ልጁ መዳህ ጀመረ ወይ እያለ ሲጠይቀኝ ከአንተ ጋር ያወራሁ መስዬ፣ አዎ እያልኩ ራሴን እነቀንቅለት ነበር። እማዬ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እየዞረች፣ እባካችሁ ልጁን አታንሱበት ብላ ለምናለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን የልጅ ልጁን ሞት እሱ ብቻ ሳያውቅ ከረመ።

እዚያው መንገድ ላይ ልነግረው ፈለግኩ። ግን እንዲሰማኝ መጮህ አለብኝ፤ ይህ ደግሞ ተጩሆ የሚነገር አይደለም። ጋራዥ ገብተን ከአንድ የዕቃ ካርቶን ላይ ቀደድኩና ጻፍኩለት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። መቼ አለኝ። የደወለ ቀን ብዬ ጻፍኩ። እኔ ምን አልኩት አለኝ። ይህንን መጻፍ አቃተኝ። እሱ ግን ራሱ አስታወሰው። ተመስገን ነው ያልኩት አለና አንድ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ቁጭ አለ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። ሦስት ቀን ጋራዡን አልከፈትንም።

ከትናንት ጀምሮ ካቻቢቴውን የምይዘው እኔ ነኝ። እሱ ለሚመጣው ሁሉ እኔ አልሰማም፣ ልጄን ጠይቁ ይላል፤ ከዚያ ጥግ ይዞ የቀይዋን ሞተር ዕቃ በነጭ ጋዝ ያጥባል። አደራህን አትደውልለት። ጻፍለት፤ ዓይኑ ደህና ነው። ብትቆጣም ቁጣህን ጻፍለት። ከእኔ ጋር ባትታረቅ እችለዋለሁ፤ የአንተንና የእሱን ግን እኔ ነኝ ያበላሸሁትና ልተኛ አልቻልኩም።

ለባለቤትህ እጇን ይዘህ ሰላም በልልኝ፤ ብዙ ቃል የለኝም፣ አብሬያት አለቅሳለሁ በልልኝ። ለእናቷም ለታናሽ እህቷም እንዲሁ፤ በዚያ ጊዜ አጠገቧ ስለነበሩ እግራቸውን ስሜያለሁ። እማዬ ጉንጭህን ደጋግማ ስማሃለች፤ ልጄ ብቻውን አለቀሰ እያለች ነው የምትውለው። አባዬ ሰላምታዬን ራሴ እጽፋለሁ ብሎ ሁለት ጊዜ ወረቀቱን ወሰደብኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባዶውን መለሰልኝ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ አለ። ልጁ ሲወለድ አልቅሶ ነበር ወይ? ድምፁን ሰምታችሁታል ወይ?

ታናሽ እህትህ
ከጋራዣችን፣ ሐሙስ፣ የካቲት ፱